ውሃና ዘይትን ያስታረቀው ማነው? ከጋለን ሰም እስከ ዛሬው «ናቹራል» ክሬም



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ በፋብሪካ ክሬም ውስጥ ያለው ኢመልሲፋየር ኬሚካል ስለሆነ ቆዳ ያበላሻል ይባላል። በእንቁላል አስኳል፣ በሰም ወይም በሌሲቲን እቤቴ ብሠራ አይሻለኝም?» የሠሩትን ክሬም ፎቶ አንስተው የሚልኩልኝም አሉ። አንዳንድ እናቶች ከራሳቸው አልፈው የጨቅላ ልጆቻቸውን ፊት መቀባት ጀምረዋል። ስለዚህ በሁለት መስመር ከመመለስ ይልቅ ረዘም አድርጌ ልጽፍበት ወሰንኩ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መልሱን ለማግኘት ወደ ታሪክ መሄድ ያስፈልጋል። ምክንያቱም «የተፈጥሮ» እና «የፋብሪካ» የሚለው ክፍፍል የቅርብ ጊዜ ወሬ ነው። ክሬም የሠሩ ሰዎችን ለብዙ ዘመን እንቅልፍ የነሳቸው ሌላ ነገር ነበር፦ ውሃ።

መጀመሪያ ኢመልሲፋየር ምን እንደሆነ እንግባባ። ውሃና ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ብትንጡ ለጥቂት ጊዜ የተዋሃዱ ይመስላሉ፤ ስታስቀምጡት ግን ዘይቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች ይሆናል። በመካከላቸው ገብቶ የሚያስታርቅ ነገር ይፈልጋሉ። ይህ አስታራቂ አንድ ጫፉ ውሃ የሚወድ፣ ሌላው ጫፉ ዘይት የሚወድ ሞለኪውል ነው። በሁለቱ ድንበር ላይ ይቆምና አንዱን በሌላው ውስጥ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ይይዘዋል። ኢመልሲፋየር የሚባለው ይኸው ነው፤ በአማርኛ ማዋሃጃ ልንለው እንችላለን። ቃሉ የመጣው «ማለብ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ ነው። ወተት ራሱ ስብ በውሃ ውስጥ የተበተነበት ውህድ ስለሆነ ስያሜው በደንብ ይገልጸዋል።

እኛ ቤት ደግሞ ከወተት የተሻለ ምሳሌ አለ፤ ቅቤ። እርጎ ውስጥ የስብ ጠብታዎች በውሃ ተከበው ይኖራሉ። እያንዳንዱን ጠብታ የሸፈነው ስስ ሽፋን ከፕሮቲንና ከሌሲቲን ወገን ከሆኑ ቅባቶች የተሠራ ነው። እናቶቻችን እርጎውን ቅል ውስጥ አድርገው ሲንጡት ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ስቡ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ነገሩም ይገለበጣል። ቀድሞ ስብ በውሃ ውስጥ ነበር፣ አሁን ውሃ በስብ ውስጥ ይሆናል። የፋብሪካ ቅቤ 80 በመቶ ገደማው ስብ፣ 16 በመቶ ገደማው ደግሞ ውሃ ነው። ስለዚህ ለጋ ቅቤ ጭንቅላቷን የተቀባች ሴት በተፈጥሮ ማዋሃጃ የተሠራ ክሬም ተቀብታለች ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለጋ ቅቤ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሽተት ሲጀምር በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው ለወራት የሚቆየው ለምንድነው? ቅመሙ ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን ስናነጥረው ውሃው ተንኖ፣ የወተቱ ፕሮቲን ደግሞ ታች ዘቅጦ መውጣቱ ነው። ባክቴሪያም ሆነ ሻጋታ ያለ ውሃ አይራባም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ሮም ዘመን እንሂድ። ጋለን የተባለው ሐኪም በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጴርጋሞን፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ የግላዲያተሮችን ቁስል ያክም ነበር። በኋላም የንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ ሐኪም ሆኗል። በእሱ ስም የሚጠራው ቅባት የንብ ሰምና የወይራ ዘይት አቅልጦ፣ ውሃ ወይም የጽጌረዳ ውሃ ቀስ በቀስ እየጨመሩ በመምታት ይሠራል። ቆዳ ላይ ሲቀባ ውሃው ይተንናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ቆዳው ቀዝቀዝ ይላል። ፈረንጆቹ እስከ ዛሬ ይህን ዓይነት ክሬም «ኮልድ ክሬም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ችግሩ ሰም ብቻውን ደካማ አስታራቂ መሆኑ ነው። ውሃውን ለጥቂት ጊዜ አፍኖ ይይዘዋል እንጂ አጥብቆ አያስረውም። ክሬሙ ሲቀመጥ ያልበዋል፣ ውሃው ይለያል፣ ዘይቱም ከጊዜ ብዛት ይከረፋል። ስለዚህ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተዘጋጀ ትኩሱን መጠቀም ግድ ነበር።

ሮማውያን ውሃ የሌለበትንም ይሠሩ እንደነበር የሚያሳይ አንድ የሚያስደንቅ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን ውስጥ ሳውዝዋርክ በሚባለው ሰፈር በሮማውያን ቤተ መቅደስ ቁፋሮ ላይ ክዳኑ የተዘጋ ትንሽ የቆርቆሮ ዕቃ ተገኘ። ሲከፈት ውስጡ ነጭ ክሬም ነበር፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ተጠቃሚ የጣት አሻራ። ከ1,800 ዓመት በላይ የቆየ ነው። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መርምረው በ2004 ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳወጡት የተሠራው ከእንስሳ ስብ፣ ከስታርችና ከቲን ኦክሳይድ ነው። ስታርቹ የስቡን ማጣበቅ ይቀንሳል፤ ዛሬም ለዚሁ ሥራ ክሬም ውስጥ ይገባል። ቲን ኦክሳይዱ ነጭ ቀለም ይሰጣል። በዚያ ዘመን ሴቶች ፊታቸውን ለማንጣት የሚቀቡት በአብዛኛው የእርሳስ ዱቄት ነበር፤ እሱም ከመሬት የወጣ፣ «ተፈጥሯዊ» የነበረና አንጎልንና ነርቭን የሚመርዝ ነው።

ግሪኮችና ሮማውያን ሌላም ማዋሃጃ ነበራቸው፤ የበግ ጸጉር ስብ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ዲዮስቆሪዴስ ያልታጠበ የበግ ጸጉር በሙቅ ውሃ እያጠቡ የሚንሳፈፈውን ስብ እንዴት እንደሚሰበስቡ በዝርዝር ጽፏል። ይህ ስብ ከክብደቱ በላይ ውሃ መጠጣት ይችላል። ሆኖም ሽታው ከባድ ነው፤ የሮማው ገጣሚ ኦቪድ ሳይቀር አማርሮበታል። ንጹሕና ሽታ አልባ ሆኖ መድኃኒት ቤት እስኪገባ 1,800 ዓመት ፈጀ። በ1882 ኦቶ ብራውንና ኦስካር ሊብራይሽ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን አጣርተው የባለቤትነት መብት አወጡበት፤ ላኖሊን ተባለ። ዛሬ የሚያጠቡ እናቶች ጡታቸው ጫፍ ሲሰነጠቅ የሚቀቡት ላኖሊን ይኸው ነው።

ላኖሊንን የሚወዱት ሰዎች ደስ አይላቸውም እንጂ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በየዓመቱ ትኩረት የሚሻ ብሎ አንድ አለርጂ ቀስቃሽ ይመርጣል፤ የ2023ቱ ምርጫ ላኖሊን ነበር። ጤናማ ቆዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም። ኤግዚማ ያለባቸውና እግራቸው ላይ የቆየ ቁስል ያለባቸው ሰዎች ግን ከሌላው ሰው ይበልጥ ለአለርጂው ይጋለጣሉ። ከበግ ላይ መምጣቱ ከዚህ አላዳነውም።

የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፋርማሲስቶች የጋለንን ደካማ ክሬም ለማጠንከር ያገኙት ብልሃት ቦራክስ ነበር። ቦራክስ ከደረቁ ሐይቆች የሚቆፈር ማዕድን ነው። ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ከቀለጠ ሰም ጋር ሲገናኝ ሰሙ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ተዋህዶ እዚያው ሳሙና ይፈጥራል፤ ሳሙናው ደግሞ ጎበዝ አስታራቂ ነው። ክሬሙ ነጣ፣ ለሰለሰ፣ ውሃውም አልለይ አለ። በዚያው ዘመን በቀላሉ የሚከረፋው የለውዝ ዘይት በፓራፊን ዘይት ተተካ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የጋለን ክሬም በየቀኑ የሚመታ ነገር መሆኑ ቀርቶ ሱቅ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የሚችል ዕቃ ሆነ።

ዛሬም «ሰምና ቦራክስ» የሚል «የተፈጥሮ» ክሬም አሠራር በቪዲዮ ሲዞር አያለሁ። ልብ በሉ፦ የቦራክስ ወገን የሆኑ ውህዶች በአውሮፓ ኅብረት የመውለድ ችሎታንና ጽንስን ይጎዳሉ ተብለው ከተመደቡት ውስጥ ናቸው። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን በቦራክስ የተሠራ ክሬም አይመከርም።

አሁን ብዙዎቻችሁ ቤት ወዳለው ሰማያዊ ቆርቆሮ እንምጣ። አይዛክ ሊፍሹትስ የተባሉ ኬሚስት የበግ ጸጉር ስብ ውሃ የሚይዘው በየትኛው ክፍሉ ነው ብለው ለዓመታት ሲፈልጉ ቆዩ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ይህን ክፍል ለይተው አወጡና «ኦይሴሪት» አሉት። ሐምቡርግ ውስጥ ባየርስዶርፍ የተባለውን ኩባንያ በ1890 የገዙት ፋርማሲስት ኦስካር ትሮፕሎቪትስ ነገሩን ሰሙ፤ ከታዋቂው የቆዳ ሐኪም ከፓውል ጌርሶን ኡና ጋር ሆነውም ክሬም አደረጉት። በታኅሣሥ 1911 ለገበያ ቀረበ። በጣም ነጭ ስለነበረ «በረዶ» ከሚለው የላቲን ቃል ኒቪያ ተባለ። እንግዲህ ይህን ዝነኛ የፋብሪካ ክሬም ዓለምን ያዞረው ማዋሃጃ መነሻው የበግ ጸጉር ነው። የተፈጥሮ ነው ወይስ የፋብሪካ? እኔ አንድ መልስ ልሰጠው አልችልም፤ ጥያቄው ራሱ ብዙም የሚረዳ አይመስለኝም።

የእንቁላል አስኳልም ታሪኩ ረጅም ነው። ድሮ ፋርማሲስቶች ዘይት የበዛበትን መድኃኒት በአስኳል ወይም በግራር ሙጫ ይመቱት ነበር። ቴዎዶር ጎብሌ የተባሉ ፈረንሳዊ ፋርማሲስት በ1840ዎቹ ከአስኳል ውስጥ ዋናውን አስታራቂ አወጡ፤ በ1850ም ለአስኳል ከተሰጠው የግሪክ ስም ወስደው ሌሲቲን ብለው ሰየሙት። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ሌሲቲን በብዛት ከአኩሪ አተር የሚወጣ የዘይት ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው። ለቆዳ ተስማሚ ነው፤ የሰውነታችን ሕዋሳት ሽፋን ራሱ ከዚህ ቤተሰብ የተሠራ ነውና። ግን ብቻውን ብዙ ውሃ የያዘ ክሬም አጽንቶ መያዝ ይከብደዋል።

ከዚያ በኋላ ሳይንሱ ፈጠነ። በ1949 ዊሊያም ግሪፊን የተባሉ አሜሪካዊ ኬሚስት ለእያንዳንዱ ማዋሃጃ ቁጥር ሰጡ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ፣ ከ3 እስከ 6 ገደማ፣ ውሃን በዘይት ውስጥ ይይዛል፤ እንደ ቅቤ ማለት ነው። ከ8 በላይ ከሆነ ደግሞ ዘይትን በውሃ ውስጥ ይይዛል፤ እንደ ወተት። በግምትና በልምድ ይሠራ የነበረው ሥራ ስሌት ሆነ። ግሪፊን ይሠሩበት የነበረው ኩባንያ ከስኳር አልኮልና ከአትክልት ወይም ከእንስሳ የስብ አሲድ ማዋሃጃ ያመርት ነበር፤ የክሬም ማሸጊያ ላይ ሶርቢታንና ፖሊሶርቤት ተብለው የሚጻፉት ናቸው።

እዚህ ጋ ፈገግ የሚያሰኘኝ ነገር አለ። ዛሬ «መቶ በመቶ ከወይራ የተገኘ የተፈጥሮ ኢመልሲፋየር» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ዱቄት ማሸጊያ አዙራችሁ ብታነቡ «ሶርቢታን ኦሊቬት» የሚል ታገኛላችሁ። የወይራ ዘይት የስብ አሲድ ከስኳር አልኮል ጋር ፋብሪካ ውስጥ ተዋህዶ የተሠራ ነው። የእነ ግሪፊን ሶርቢታን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የተለየው የዘይቱ ምንጭ ብቻ ነው። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ጥሩ ማዋሃጃ ነው። ነገር ግን ለስሙ ብላችሁ እጥፍ ዋጋ አትክፈሉ።

ታዲያ የፋብሪካ ማዋሃጃ ሁሉ ንጹሕ ነው? አይደለም። ሐቁን መናገር አለብኝ፤ የጠያቂዎቼ ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም።

በእንግሊዝ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪሞች ለኤግዚማ የሚያዙት «አኩየስ ክሬም» የሚባል ርካሽ ክሬም ነበር። ማዋሃጃው ውስጥ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት አለ፤ በክሬሙ ውስጥ መጠኑ 1 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ጠንካራ የልብስ ማጠቢያዎች ውስጥም የሚገባ ነው። ቆዳ የሚቆጣባቸው ልጆች ቀኑን ሙሉ ተቀብተውት ይውሉ ነበር። በ2003 ከሼፊልድ የወጣ ጥናት ኤግዚማ ያለባቸውን 100 ሕፃናት መረጃ ሲመለከት፣ አኩየስ ክሬም ከተቀባባቸው አጋጣሚዎች በ56 በመቶው ወዲያው ማቃጠል፣ ማሳከክ ወይም መቅላት ተከስቷል፤ በሌሎቹ ማለስለሻዎች ግን በ18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ2010 ደግሞ የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤናማ የሆኑ ጥቂት ፈቃደኞችን ክንድ ለ4 ሳምንት በዚሁ ክሬም ቀብተው የላይኛው የቆዳ ሽፋን በ10 በመቶ ገደማ መሳሳቱን አሳዩ። በ2013 የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለሐኪሞችና ለወላጆች ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ለቆዳ ማለስለሻ የተሰጠ ነገር ቆዳን አሳሳ ማለት ነው። እኔ ራሴ ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ። ነገር ግን ትምህርቱን አጥርተን እንውሰድ፦ ጥፋተኛው አንድ የታወቀ ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙም ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ከዚያው ሀገር በሌላ የፋብሪካ ማዋሃጃ፣ በሴቶማክሮጎል፣ የተሠሩ ክሬሞች ሰልፌቱ ስለሌለባቸው ይህ ችግር የለባቸውም። ስለዚህ ቆዳው የሚቆጣ ሰው ተቀብቶት የሚውለው ክሬም ላይ «ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት» የሚል ካየ ይለፈው። ታጥቦ የሚወገድ ሳሙና ላይ ጉዳዩ ቀለል ይላል።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ፤ ከማዋሃጃው በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና።

የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክሬሞች ውሃቸው እየበዛ ሲሄድ ለባክቴሪያም የተመቸ ቤት ሆኑ። በ1960ዎቹ ስዊድን ውስጥ መድኃኒቶች ሲመረመሩ ንጹሕ የተባሉ ቅባቶችና ክሬሞች ብዙ ባክቴሪያ ተገኘባቸው፤ በሱዶሞናስ የተበከለ የዓይን ቅባት ታካሚዎችን ክፉኛ ጎድቷል። በ1966 ደግሞ ላንሴት መጽሔት ላይ በዚሁ በሱዶሞናስ ስለተበከለ የስቴሮይድ ክሬም ተዘገበ። ልብ በሉ፤ እነዚህ በፋብሪካ፣ በባለሙያ የተሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ዛሬ ያለው ጥብቅ ቁጥጥርና የማቆያ፣ ማለትም የፕሪዘርቫቲቭ፣ ሕግ የተገነባው በእንዲህ ዓይነት ጉዳት ላይ ነው።

እቤት ውስጥ በአስኳል፣ በእሬት ጄል፣ በሩዝ ውሃ ወይም በጽጌረዳ ውሃ የተመታ ክሬምስ? ውሃ አለው፣ ምግብ አለው፣ ሙቀት አለው፣ በየቀኑ ጣት ይገባበታል። ማቆያ የለውም። ሱዶሞናስ እንደ ልቡ ይኖርበታል፤ ጥሬ አስኳል ሲሆን ደግሞ ሳልሞኔላም ሊኖርበት ይችላል። የተበከለ ክሬም የግድ አይሸትም፣ ቀለሙም የግድ አይለወጥም።

«ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁ» ትሉኛላችሁ። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ እንዳይከረፋ ያዘገያል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም። የሮዝመሪ ተዋጽኦም እንደዚሁ ነው። የሻይ ዛፍና የላቫንደር ዘይት ባክቴሪያ ለመግደል በሚበቃ መጠን ሲጨመሩ ቆዳን ራሱን ያቃጥላሉ። «ማር አድርጌበታለሁ፣ ማር አይበላሽም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ማር ውሃው በጣም ጥቂት ስለሆነ አይበላሽም። ግን ማር ላይ ውሃ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ የለም፤ ብርዝ ይሆናል፣ ሰንብቶም ይፈላል፣ ጠጅ ይሆናል። ክሬም ውስጥ የገባ ማርም ውሃ ካገኘ ያው ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ልመልሰው። የተፈጥሮ ማዋሃጃ መጠቀም በራሱ ጥፋት የለውም። ሌሲቲንም፣ ሰምም፣ ላኖሊንም ለዘመናት አገልግለዋል። ነገር ግን ውሃ ያለበት ክሬም ያለ ማቆያ በማንኛውም ማዋሃጃ ቢሠራ አደጋ አለው። ራሳችሁ መሥራት የምትወዱ ከሆነ ውሃውን ተዉት፤ ያን ጊዜ ማዋሃጃም ማቆያም አያስፈልጋችሁም። ንጥር ቅቤ የሚቆየው በዚሁ መንገድ ነው። ሮበርት ቺዝብሮ በ1872 የባለቤትነት መብት ያወጡበት ቫዝሊንም እንዲሁ ነው፤ ውሃ የለበትም፣ ማዋሃጃ የለበትም፣ ማቆያም የለበትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ እጅ የተጣራ የንብ ሰም፣ አራት እጅ ዘይት። የጠጅ ሰፈፍ ያላችሁ በደንብ አቅልጣችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ፣ ውሃውንና ቆሻሻውን ለዩት። ሰሙንና ዘይቱን ሌላ ድስት ውስጥ በሚፈላ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ አቅልጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አታድርጉት። ፍጹም በደረቀ የብርጭቆ ዕቃ ገልብጡት። ስትጠቀሙበት እጃችሁ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ከሁሉም የሚሻለው ገላ ታጥባችሁ ቆዳችሁ እርጥብ እንዳለ መቀባት ነው፤ ውሃው ከቆዳችሁ ይገኛል፣ ቅባቱ ከላይ ይሸፍነዋል። የጋለንን ክሬም እዚያው ገላችሁ ላይ ሠራችሁ ማለት ነው፤ ዕቃ ውስጥ የሚቀር ውሃ ሳይኖር።

ስለ ዘይቱ አንድ ማስታወሻ። የጋለን የወይራ ዘይት ለሕፃናት ቆዳ ጥሩ ምርጫ አይደለም። በ2013 የወጣ የሼፊልድ ጥናት ለ4 ሳምንት ጥቂት ጠብታ የወይራ ዘይት የተቀባ የአዋቂዎች ቆዳ መከላከያ ሽፋኑ መዳከሙን አሳይቷል፤ የሱፍ አበባ ዘይት የተቀባው ግን አልተጎዳም። ኤግዚማ ያለበት ልጅ ካላችሁ በተለይ ይህን አስታውሱ። ለልጅ ፊት ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን በቂ ነው፤ ርካሽም ነው።

ቅቤን በተመለከተ፦ ጤነኛ ጭንቅላት ላይ ለጸጉራችሁ መቀባቱን አልከለክላችሁም። ነገር ግን በተወለደ ሕፃን እትብት ላይ፣ በቃጠሎ ላይ፣ በተከፈተ ቁስል ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ቅቤ ውስጥ ውሃና ባክቴሪያ አለ፤ እትብት ደግሞ ወደ ደም የሚወስድ ክፍት በር ነው። ለእትብቱ ጤና ባለሙያ ካዘዘው ውጪ ምንም ሳትቀቡ ንጹሕና ደረቅ አድርጉት።

እቤት የተሠራ ክሬም ተቀብታችሁ ትናንሽ መግል የያዙ ሽፍታዎች ከወጡባችሁ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ቆዳው ከሞቀና ካበጠ ወይም ዓይናችሁ ከቀላና ከታመመ ክሬሙን አቁሙና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሕፃን ከሆነና ትኩሳት ካለው ወይም ጡት መጥባት ካቆመ እስኪነጋ አትጠብቁ። ክሬሙን ከነዕቃው ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ ምን እንደገባበት ለመጠየቅ ይቀለናል።